«ምንዱባን»ን ሣቁን እየተከተሉ ዳግመኛ ማንበብ

የቪክቶር ሁጎን «ምንዱባን» ያነበበ ሰው ስለ መጽሐፉ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያነሣው የሚያስለቅሰውን ነው፤ ዳቦ ሰርቆ 19 ዓመት በእስር የማቀቀውን ዣን ቫልዣንን፣ ለልጇ ስትል ፀጉሯንና የፊት ጥርሶቿን የሸጠችውን ፋንቲንን፣ በገና ዋዜማ ሌሊት ከአቅሟ በላይ የሆነ ባልዲ ይዛ ጫካ ውስጥ ወዳለው ምንጭ የምትወርደውን የፋንቲንን ልጅ ኮዜትን። እኔም መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ለሦስት ሌሊት ብቻ በተዋስኩት ቅጂ ነበር። የሚያስለቅሰው ክፍል እስኪደርስ እየቸኮልኩ፣ ትርፍ ወሬ የመሰለኝን ሁሉ እየዘለልኩ ስለ ጨረስኩት፣ በውስጡ አንድም የሚያስቅ ነገር መኖሩን ለብዙ ዓመታት አላውቅም ነበር። ዳግመኛ ሳነበው ያን ጊዜ የዘለልኳቸው ገጾች በጨዋታ የተሞሉ ሆነው አገኘኋቸው፤ ያም ጨዋታ የመጽሐፉን ዋና ነገር ተሸክሞ የሚሄድ መሆኑ ቀስ በቀስ ገባኝ። የሚከተለው ምክር ታሪኩን ለሚያውቅና አሁን በዚህ በኩል ሊመለስበት ለሚፈልግ አንባቢ የተጻፈ ነው። ታሪኩን ገና የማያውቅ ሰው አስቀድሞ እንደ ልቡ ያንብበው፤ ማልቀስ ባለበትም ያልቅስ።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ያሰናዱ። አንደኛው ቅጂው ነው። ሙሉው መጽሐፍ በ5 ክፍሎችና በ365 ምዕራፎች የተደለደለ ስለሆነ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው በዓመቱ ይጨርሰዋል። በእጅዎ ያለው ትርጉም አጠር ያለ ከሆነ ግን ልብ ይበሉ፤ ረጅም መጽሐፍ ሲያጥር ቀድሞ የሚወጣው ታሪኩን ወደ ፊት የማይገፋው ጨዋታ ነው። ስለዚህ አማርኛውን ዋና መጽሐፍዎ አድርገው፣ የጎደለ ነገር ሲመስልዎ የሚያመሳክሩበት ሙሉ ቅጂ ከጎኑ ይያዙ። ፈረንሳይኛውም ሆነ በ1887 የታተመው የኢዛቤል ሃፕጉድ የእንግሊዝኛ ትርጉም በፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ ስለሚገኙ ስልክ ላይ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር የትኛው አብዮት እንደሆነ መለየት ነው። ብዙ ሰው መጽሐፉ ስለ 1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት የሚተርክ ይመስለዋል። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ናፖሊዮን በወደቀበት በ1815 ሲሆን፣ የመጽሐፉ ወጣቶች መንገድ ዘግተው ምሽግ የሠሩበት አመፅ በፓሪስ ጁን 5 እና 6 ቀን 1832 የተነሣው ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያ ዓመት ከተማይቱን ኮሌራ መታት። በሕዝብ ዘንድ የሚወደደው ጄኔራል ላማርክም በዚሁ በሽታ ሞተ፤ ሊቀብረው የወጣው ሕዝብ ከንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ወታደሮች ጋር ተጋጨ፤ በማግስቱ አመፁ ተደመሰሰ። ሁጎ መጽሐፉን ያሳተመው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ ከአገሩ ተሰዶ በገርንዚ ደሴት ሲኖር ነው። እንግዲህ ምሽጉ ላይ ሆነው የሚቀልዱት ወጣቶች አብዛኞቹ እንደሚሞቱ ጸሐፊው እያወቀ ነው የሚያስቀልዳቸው፤ ዳግመኛ የሚያነብም ሰው ይህንኑ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ቀልዱን ሁሉ ክብደት ስለሚሰጠው፣ ለሣቁ የሚሆነው ጊዜ ሁለተኛው ንባብ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ አንዲት ጥያቄ ይዘው ይጀምሩ። ሣቅ በመጣ ቁጥር «እዚህ ላይ ዝቅ ያለው ማን ነው? ዝቅ ያደረገውስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህች ጥያቄ የእኔ ግኝት አይደለችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር እየተሰበሰብን ድምፅ አውጥተን የምናነብ አምስት ሰዎች አለን፤ ከመካከላችን አንዱ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነው። መጽሐፉን በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ከዲኝ ከተማው ጳጳስ ከሚሪዬል ታሪክ ላይ ደረስን። የቤት ሠራተኛቸው ማዳም ማግልዋር ጳጳሱን እንደ ማዕረጋቸው «ታላቅነትዎ» እያለች ትጠራቸዋለች። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ላይኛ ረድፍ መጽሐፍ ፈለጉ፤ ቁመታቸው አጭር ነበርና አልደረሱበትም። «ማዳም ማግልዋር፣ ወንበር አምጪልኝ፤ ታላቅነቴ እስከዚያ መደርደሪያ ድረስ አይደርስም» አሏት። ይህ ሲነበብ ጡረታ የወጡት መምህራችን ፈገግ አሉ፤ ባጃጅ ነጂው ግን ጮክ ብሎ ሣቀና ወዲያው ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ «ጋሼ፣ ልብ ብለዋል? እኚህ አባት የቀለዱት በራሳቸው ነው፤ ሠራተኛዋ እኮ ምንም አልተነካችም» አላቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ፣ ሣቅ በመጣ ቁጥር ማን እንደ ተነካ አንተ ትጽፍልናለህ» አሉት። የነዳጅና የገቢ ሒሳቡን ከሚጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ሁለት ዐምድ አሰመረ፤ በአንዱ የሚቀልደውን፣ በሌላው ዝቅ ያለውን መጻፍ ጀመረ። እርስዎም እንዲህ ያለ ደብተር ይያዙ፤ ከሁለት ዐምድ የበለጠ አያስፈልገውም።

የጳጳሱን ምዕራፎች አይዝለሉ። መጽሐፉ ሲከፈት ለ14 ምዕራፎች የሚናገረው ስለ እርሳቸው ስለሆነና ቫልዣን ገና ስላልመጣ፣ በመጀመሪያው ንባብ ብዙ ሰው የሚሮጠው እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ ጥሩ ቀልዶች ያሉት ደግሞ እዚሁ ነው። ጳጳሱ በሰፊ ቤተ መንግሥት ሲኖሩ ሐኪም ቤቱ ጠባብ መሆኑን አይተው ለአስተዳዳሪው «26 ሰዎች በአምስት ስድስት ትንንሽ ክፍሎች ተጨናንቃችኋል፤ እኛ ሦስት ሆነን የ60 ሰው ቦታ ይዘናል። ስሕተት ተፈጥሯል፤ እናንተ የእኔን ቤት፣ እኔ የእናንተን ይዤአለሁ» ይሉትና ቤት ይለዋወጣሉ። ወደ ሴኔዝ ከተማ በአህያ ሲገቡ ከንቲባው በቁጣ ያያቸዋል፣ ሌሎቹም ይሣቃሉ፤ እርሳቸው ግን «ድሀ ቄስ ኢየሱስ ክርስቶስ በተቀመጠበት እንስሳ ላይ መቀመጡ ትዕቢት መስሏችሁ መቆጣታችሁ ገብቶኛል፤ ያደረግሁት ግን ቸግሮኝ እንጂ ለከንቱ ውዳሴ አይደለም» ይሏቸዋል። በሆሳዕና ዕለት ዘንባባ በግንባሩ አሥሮ የሚውል የእኛ አገር ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። በደብተራችን የመጀመሪያው ዐምድ ላይ «ጳጳሱ» ተብሎ ተጽፎ፣ በሁለተኛው ዐምድ ላይም «ራሳቸው» የሚለው ቃል ለሦስት ሳምንት ያህል ተደጋገመ።

ከጳጳሱ ጨዋታዎች መካከል በቁጥር ብቻ የተሠራ አንድ አለ፤ እርሱን ሲደርሱ ጮክ ብለው፣ ቀስ ብለው ያንብቡት። ጳጳሱ ለሠረገላ ኪራይ በዓመት 3000 ፍራንክ ይገባኛል ብለው ይጠይቃሉ። የከተማው ባለጸጎች ይንጫጫሉ፤ አንድ የሴኔት አባልም «ቄስ ሁሉ ስስታም ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ማዳም ማግልዋር ደግሞ በመጨረሻ ለቤታችን ደረሰልን ብላ ደስ ይላታል። በዚያው ምሽት ጳጳሱ የሠረገላውን ወጪ ዝርዝር ጽፈው ይሰጣሉ፤ ለሐኪም ቤቱ በሽተኞች የሥጋ መረቅ 1500፣ ለሁለት የእናቶች በጎ አድራጎት ማኅበራት 250 እና 250፣ ለተጣሉ ሕጻናት 500፣ ለወላጅ አልባ ልጆች 500፣ ድምር 3000። ሌላ አንዲት ቃል የለም። ይህን ገጽ ያስታውሱትና ታሪኩ 1823 የገና ሰሞን ላይ ሲደርስ፣ ቫልዣን በሞንፌርሜይ ኮዜትን ከሚያሠራት ከተናርዲዬ ማደሪያ አንድ ሌሊት አድሮ ከተሰጠው ሒሳብ ጋር ጎን ለጎን ያድርጉት፦ እራት 3፣ ክፍል 10፣ ሻማ 5፣ እሳት 4፣ አገልግሎት 1፣ ድምር 23 ፍራንክ። ሁጎ «አገልግሎት» የሚለው ቃል በተሳሳተ ፊደል መጻፉን ሳይቀር ይነግረናል። ሁለቱም ሒሳቦች ያስቃሉ፤ በአንዱ ገንዘቡ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ በሌላው ከእንግዳው ኪስ ይዘረፋል። እኔ በመጀመሪያው ንባብ ሁለቱንም ዘልዬአቸው ነበር፤ ሒሳብ ነው ብዬ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልናገር። ሣቁን ይከተሉ ማለት መጽሐፉን የቀልድ መጽሐፍ ያድርጉት ማለት አይደለም፤ በውስጡ ሰው የሚገድል ሣቅም አለ፤ እርሱም ይመዝገብ። በ1817 ቶሎሚዬስ የሚባል ተማሪና ሦስት ባልንጀሮቹ ፋንቲንንና ሦስት ጓደኞቿን ምሳ ጋብዘው፣ «ድንቅ ነገር እናሳያችኋለን» ብለው ይወጡና አይመለሱም፤ የሚመጣው ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ወደ ወላጆቻችን ተመልሰናል፣ የምሳው ሒሳብ ተከፍሏል የሚል። ሦስቱ ሴቶች ይሣቃሉ፤ ፋንቲንም አብራ ትሥቃለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክፍሏ ስትገባ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ሰው ልጅ ወልዳ ነበርና። የፋንቲን መከራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ቀልድ ነው። ቫልዣንን ስለሚያሳድደው ፖሊስ ስለ ዣቬርም ሁጎ ሲጽፍ ኮስተር ያለ ጊዜ ውሻ፣ የሣቀ ጊዜ ነብር ነው ይለናል። ስለዚህ ደብተርዎ ውስጥ «ዝቅ ያለው» በሚለው ዐምድ የድሀ ስም በተጻፈ ቁጥር ሥሩን ያሥምሩበት፤ የመጽሐፉ መከራ የት የት ላይ እንደሚዞር መሥመሮቹ ራሳቸው ያሳዩዎታል።

የአማርኛ አንባቢ ከማንም በላይ ሊደሰትበት የሚገባው ደግሞ የወጣቶቹ ማኅበር ስም ነው። አንዥልራስ፣ ኮምብፌር፣ ኩርፌራክና ባልንጀሮቻቸው ካፌ ሙዜን ውስጥ የሚሰበሰቡበት ማኅበር ስሙ የሦስቱ የመጀመሪያ የላቲን ፊደላት ወዳጆች ነው። ፊደላቱ በፈረንሳይኛ ሲጠሩ «አ፣ ቤ፣ ሴ» ይላሉ፤ አንድ ላይ ሲገጥሙ ደግሞ «አቤሴ» ይሆናሉ፤ ዝቅ የተደረገ፣ የተዋረደ ማለት ነው፤ የተዋረደውም ሕዝቡ ነው። ሁጎ ማኅበሩ በሽፋኑ ሕጻናትን ለማስተማር፣ በእውነቱ ግን ሰዎችን ቀና ለማድረግ የቆመ ነው ይላል። ይህ እኛ ኅብረ ቃል የምንለው ነው፤ ሰሙ ፊደል ማስቆጠር፣ ወርቁ የወደቀውን ማንሣት። ስሙ «የሀሁ ወዳጆች» ተብሎ ቢተረጎም ሰሙ ይቀርና ወርቁ ይቀልጣል፤ ስለዚህ በገጹ ኅዳግ ላይ የፈረንሳይኛውን ድምፅ በፊደላችን ይጻፉና ሁለቱን ትርጉሞች ከሥሩ ያስቀምጡ። ሁጎ ራሱ በዚህ የቃል ጨዋታ የሚሥቅ ሰው ተሳስቷል፣ እንዲህ ያለው ጨዋታ በፖለቲካ ውስጥ ብርቱ ነገር ሆኖ ያውቃል ብሎ ያስጠነቅቃል። ቅኔ ሲዘረፍ አድሮ የሰማ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። አንባቢዬ ልብ እንዲለው የምፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ባጃጅ ነጂው በደብተሩ አናት ላይ የጻፈው «ዝቅ ያለው ማን ነው» የሚለው ጥያቄ፣ ሁጎ በማኅበሩ ስም ውስጥ ከቀበረው ቃል ጋር አንድ መሆኑን ያየነው እዚህ ስንደርስ ነው።

በዚሁ መንገድ የግራንቴርን ስም ይመልከቱ። ፈረንሳዮች ትልቁን «ኤር» ፊደል ሲጠሩ «ግራንቴር» ስለሚሉ፣ እርሱ ስሙን በአንዲት ፊደል ብቻ ይፈርማል። በምንም ነገር የማያምን ጠጪ ሆኖ ሳለ ከማኅበሩ የማይለየው አንዥልራስን ስለሚወድ ነው፤ ይህችን ነገር ለኋላ ያስቀምጧት። በ25 ዓመቱ መላጣ የሆነው ቦስዌ ደግሞ የሞከረው ሁሉ የማይሳካለት፣ በአንጻሩ በሁሉም ነገር የሚሥቅ ሰው ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱ መምህር ስም እየጠራ የቀረውን ተማሪ ከመዝገብ ሲሰርዝ፣ ቦስዌ ለማያውቀው ለማሪዩስ ፖንሜርሲ አዝኖ «አለሁ» ይልለታል። ወዲያው የራሱ ትክክለኛ ስም፣ ሌግል፣ ይጠራል፤ አሁንም «አለሁ» ሲል መምህሩ «አንተ ፖንሜርሲ ከሆንክ ሌግል አይደለህም» ብሎ የራሱን ስም ይሰርዘዋል። በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የስም ጥሪ ላይ ለባልንጀራው ድምፅ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ገላጭ አይፈልግም። በደብተራችን ይህ የተጻፈው ከጳጳሱ መሥመር ቀጥሎ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ሲል ራሱ ዝቅ ያለ።

ከመጽሐፉ ወጣ ብሎ ጆሮን ማለማመድም ይጠቅማል። ወጣቶቹ ምሽጋቸውን የሚሠሩት ኮረንት ከሚባል መጠጥ ቤት ደጃፍ ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኡሽሉ በሥጋ የተሞላ ካርፕ አሣ በማብሰል የታወቀ ስለ ነበር፣ ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ፣ ፊደሉን አሳስቶ ማስታወቂያ ጽፎ ነበር። አንድ ክረምት ዝናቡ ከመጀመሪያው ቃል መጨረሻ አንዲት፣ ከሦስተኛው ቃል መጀመሪያ አንዲት ፊደል አጠበና የቀረው ጽሑፍ በላቲን «ካርፔ ሆራስ»፣ ማለት «ሰዓቶቹን ተጠቀምባቸው» ሆኖ ተገኘ። ፈረንሳይኛውን በቅጡ የማይጽፈው ሰው ሳያውቀው ላቲን ጻፈ ይላል ሁጎ። ከዚያች ምክር በታች ነው ልጆቹ ነገ የሚሞቱት። ይህን ካነበቡ በኋላ አሞራ ገደል ወርደው አሣ ሲበሉ በየበሩ በቀለም የተጻፉትን ማስታወቂያዎች፣ በመንገድም ከየባጃጁ ጀርባ የተለጠፉትን ጥቅሶች አስተውለው ያንብቡ፤ የተፋቀ ፊደል አዲስ ትርጉም ሲወልድ፣ ድሀ ሰው በአንዲት መሥመር ኑሮውን ሲመልስላት ያገኛሉ። ሁጎ የሚያዳምጠው እንዲህ ያለውን የመንገድ ድምፅ ነበር።

ለብቻ ከማንበብ ይልቅ በሁለት ድምፅ ቢነበብ የሚያምረው የቀብሩ ታሪክ ነው። ቫልዣን ከዣቬር ሸሽቶ ከኮዜት ጋር ወደ ሴቶች ገዳም ቅጥር ዘልሎ ገብቷል፤ በበሩ ደግሞ በይፋ ለመግባት አስቀድሞ መውጣት አለበት። ከአትክልተኛው ሽማግሌ ከፎሽልቫን ጋር መላ ይመታሉ፤ የሞተችው መነኩሲት በስውር ከመሠዊያው ሥር ትቀበርና ወደ መቃብር ቦታው በሚሄደው ባዶ ሣጥን ውስጥ ቫልዣን ይገባል። ፎሽልቫንም ቀባሪው ጠጪ ስለሆነ አስክሬው አወጣሃለሁ ይለዋል። መቃብር ቦታው ሲደርሱ ግን ጠጪው ቀባሪ ሞቷል፤ ፎሽልቫን ሁሉንም ነገር ሲያስብ ቀባሪም ሊሞት እንደሚችል አላሰበም ነበር። የተተካው ግሪብዬ የሚባል ሰባት ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ እንጠጣ ቢሉት «የእነርሱ ረኃብ የእኔ ጥም ጠላት ነው» ይላል። አፈሩ በሣጥኑ ላይ መውደቅ ይጀምራል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያውቁት ፎሽልቫንና አንባቢው ብቻ ናቸው። ሽማግሌው እንጠጣ፣ እኔ እከፍላለሁ እያለ ይለምናል፤ ቀባሪው በሥርዓትና በጨዋነት እምቢ ይላል። እኛ ስናነበው መምህራችን ፎሽልቫንን፣ ከመካከላችን ነርስ የሆነችው ደግሞ ግሪብዬን ሆነው አነበቡት፤ ነርሷ በድርቅና ድምፅ «ሥራ ይቀድማል» በምትልበት ጊዜ እየሣቅን እጃችን ያልበው ነበር። ፎሽልቫን በመጨረሻ ከቀባሪው ኪስ የመውጫ ካርዱን ሰርቆ «ካርድህስ? በሩ ሊዘጋ ነው፤ 15 ፍራንክ መቀጫ አለ» ብሎ ወደ ቤቱ ያስሮጠዋል። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ ደብተሩን ይመልከት፤ ግሪብዬ የተታለለ ድሀ ነው፤ ፎሽልቫንም ይህን ስለሚያውቅ ካርዱን ይመልስለታል፣ መቃብሩንም ሞልቼልሃለሁ ይለዋል፤ መቀጫውም ይቀርለታል። ሁጎ በድሀው ላይ የወጣውን ሣቅ ሳይከፍል አላለፈም።

የማሪዩስ አያት የሙሴ ዢልኖርማን ምዕራፎች ፈጠን ተብለው ቢነበቡም ይበቃል። ከ90 ዓመት በላይ ሆኖት 32ቱም ጥርሶቹ ያሉት፣ ሴት ሠራተኞቹን ሁሉ ኒኮሌት እያለ የሚጠራ ሽማግሌ ነው። አንዲት ወጥ ቤት በወር 30 ፍራንክ ጠይቃው ስሟ ኦሎምፒ መሆኑን ስትነግረው «50 ፍራንክ ታገኛለሽ፣ ስምሽም ኒኮሌት ይሆናል» ይላታል። ያስቃል፤ ግን የሰው ስም በ20 ፍራንክ ተገዝቷልና የትኛው ዐምድ ላይ እንደሚጻፍ ተከራክረንበት ሳንስማማ ቀረን። ስለ ዋተርሉ ጦርነት የሚተርኩትን 19 ምዕራፎችም ማለፍ ይቻላል፤ ጄኔራል ካምብሮን እጅህን ስጥ ሲባል በአንዲት የብልግና ቃል የመለሰበትን ገጽ ብቻ አይለፉት። ሁጎ ከጦርነቱ ሁሉ አሸናፊው ይህን የተናገረው ሰው ነው ይላል።

ጋቭሮሽ ላይ ሲደርሱ ግን ይዘግዩ። ይህ የፓሪስ የጎዳና ልጅ ሁለት የጠፉ ሕጻናት አግኝቶ፣ ወንድሞቹ መሆናቸውን ሳያውቅ፣ ባስቲይ አደባባይ በቆመው የፈራረሰ ግዙፍ የዝሆን ሐውልት ሆድ ውስጥ ወደሚያድርበት ያስገባቸዋል። መኝታው በሽቦ ወንፊት የተከበበ ነው። ሌሊት አይጦቹ ወንፊቱን ሲፍቁ ትንሹ ልጅ ፈርቶ «ለምን ድመት አታመጣም?» ይለዋል፤ «አምጥቼ ነበር፤ በሏት» ይለዋል ጋቭሮሽ። ልጁ እንደገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጁን ይዞ «እኔ አለሁ» ይለዋል። በቀልዱና በእጁ መካከል ያለውን ርቀት ያስተውሉ፤ ከጥቂት መሥመሮች አይበልጥም። በአሞራ ገደል አባ ኮዳዎቹ እግር ሥር ተቀምጠው አሣ የሚበልቱትን ልጆች ጨዋታ ቆሞ የሰማ ሰው የጋቭሮሽን ቋንቋ ያውቀዋል፤ ገዢውን በቃል ወግተው፣ ዞር ብለው ከእነርሱ ለሚያንሰው ልጅ ቢላዋ አያያዝ ያሳዩታል።

በመካከል ሣቅ በሌለባቸው ገጾች ላይ ሣቅን የሚፈልግ አንባቢ አንድ ቦታ እንዳያልፈው። ኮዜት ገዳሙ ውስጥ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ቫልዣን ከአትክልቱ ሥፍራ ሆኖ ልጆች ሲጫወቱ ከሩቅ ያዳምጣል፤ የእርሷን ሣቅ ከሌሎቹ ሣቅ ለይቶ ያውቀዋል። ሁጎ «አሁን ኮዜት ትሥቅ ነበርና» ይላል። በሞንፌርሜይ ሳለች ሣቋን የሰማ አልነበረም። ወደ ኋላ ተመልሰው የባልዲውን ምዕራፍ ቢያነቡት ሌላ ነገር ሆኖ ያገኙታል።

ሁለት ገጾችን ለመጨረሻ ያስቀሩ፤ በአንድ ቀንም አከታትለው ያንብቧቸው። የመጀመሪያው የጋቭሮሽ ሞት ነው። ጥይት ሲያልቅባቸው ቅርጫት ይዞ ከምሽጉ ይወጣና ከሞቱት ወታደሮች ቦርሳ ጥይት ይለቅማል፤ እየተተኮሰበት ይዘፍናል። የዘፈኑ መሥመሮች «ጥፋቱ የቮልቴር ነው»፣ «ጥፋቱ የሩሶ ነው» እያሉ ቤት ይመታሉ፤ አብዮትን የሚጠሉ ሰዎች ለክፉ ነገር ሁሉ እነዚህን ሁለት ጸሐፊዎች ይከሱ ስለ ነበር ልጁ ክሱን ራሱን መዝፈኛ አድርጎታል። ሲመታ ወድቆ እንደገና ቀና ይልና «ወደቅሁ መሬት ላይ፣ ጥፋቱ የቮልቴር፤ አፍንጫዬ ቦይ ውስጥ፣ ጥፋቱ የ...» ሲል ሁለተኛው ጥይት ያስቆመዋል። በፈረንሳይኛ ቦይ «ሩዊሶ» ስለሚባል የጎደለው ቃል «ሩሶ» መሆኑን የሰሚው ጆሮ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አዝማሪ ግማሹን ብሎ ሲያቆም ሰሚው ቤቱን በልቡ እንደሚመታው ነው። ድምፅ አውጥተው የሚያነቡ ከሆነ የጎደለውን ቃል አይሙሉት፤ ሌላ ሰውም እንዳይሞላው አስቀድመው ይንገሩ።

ሁለተኛው የግራንቴር ነው። ግራንቴር ከዋዜማው ጀምሮ ሰክሮ ኮረንት መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ተኝቷል፤ መድፍም ጠብመንጃም አልቀሰቀሰውም። ሁሉም ሞተው አንዥልራስ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ወታደሮቹ ሲያነጣጥሩበት ድንገት ጸጥ ስለሚል፣ ጸጥታው ይቀሰቅሰዋል። ተነሥቶ «ሪፐብሊክ ለዘላለም ትኑር፤ እኔም አለሁበት» ብሎ ክፍሉን አቋርጦ ከአንዥልራስ ጎን ይቆምና «ትፈቅድልኛለህ?» ይለዋል። ሲያሾፍበት የኖረው ሰው አሁን ዝቅ ብሎ ይጠይቃል፤ ሲንቀው የኖረው አንዥልራስም ፈገግ ብሎ እጁን ይጨብጠዋል። ፈገግታው ሳያልቅ ይተኮሳል።

ጋቭሮሽ ዘፈኑን፣ አንዥልራስ ፈገግታውን አልጨረሱም። በእርሳስ ሁለቱንም መሥመሮች በአንድ ዓይነት ምልክት ምልክት ያድርጉባቸው። ባጃጅ ነጂው ደብተሩ ላይ በሁለቱም ቦታ የመጀመሪያውን ዐምድ ሞልቶ ሁለተኛውን ባዶ ተወው፤ መምህሩ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ጋሼ፣ እዚህ ዝቅ ያለ ሰው አላየሁም» አላቸው።